ሠዓሊ በእንግድነት ሲመጣ ገበሬው ምን ይጠይቅ?

ከጣርማ በር ከዋናው መንገድ ተነጥሎ በመዘዞ በኩል ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ደጋው ሲከፈትለት በመጀመሪያ የሚያየው የድንጋይ ቤትና የበግ መንጋ ነው። እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት በዚህ አገር ግድግዳው በድንጋይ ይካባል፤ ማገዶው ኩበት ነው። ብርዱን የሚመልሱት ባናና ዝተትም ከበጉ ጀርባ ተሸልተው፣ በሴቶች እንዝርት ተፈትለው፣ በሸማኔ እጅ ተሠርተው የሚገኙ ናቸው። የመንዝ ሰው ከራሱ በግ የራሱን ልብስ ሲያወጣ የኖረ ሕዝብ ነው።

በዚሁ አገር ባለሙያን በእንግድነት ተቀብሎ ማሠራትም አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ደብር ቤተ ክርስቲያኑን ባሳነጸ ጊዜ ሠዓሊ ያስጠራል። ሠዓሊው ይመጣል፤ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ቀለቡ ከምእመናኑ ይወጣል። ወራት ተቀምጦ ሥራውን ሲፈጽም የተስማማበትን ይቀበልና ወደሚቀጥለው ደብር ይሄዳል። ሥዕሉ ግን እዚያው ይቀራል። ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደ ሣለው፣ ለማን እንደ ተሠራ የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስምምነቱ በወረቀት ባይሰፍርም በሽማግሌ ፊት የተነገረ ነበር።

ይህ ልማድ ዛሬ በሌላ መልክ ተመልሶ በዓለም ላይ በሰፊው ይሠራበታል። የውጭ አገር ሰዎች ሬዚደንሲ ይሉታል። ሠዓሊ፣ ቀራጺ፣ ጸሐፌ ተውኔት ወይም ሙዚቀኛ ከሚኖርበት ከተማ ወጥቶ ለተወሰነ ጊዜ በእንግድነት ተቀምጦ ይሠራል። አንዳንዱ የሚፈልገው ጸጥታ ብቻ ነው፤ ክፍሉን ዘግቶ ይሠራና ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ኖሮ፣ የሕዝቡን ችግርና የፍትሕ ጥያቄ አብሮ ይዞ፣ ሥራውን ከእነሱ ጋር ለመሥራት ይመጣል። ለገበሬ ማኅበር የሚመለከተው ይህ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም እንዲህ ያለው እንግዳ የሚሠራበት ዕቃ ሸራና ቀለም ብቻ አይደለም። የሰው ጊዜ፣ የሰው ሙያ፣ የሰው ታሪክ ጭምር ነው።

የዞማ ሥራ

በአገራችን ለዚህ አሠራር ቅርብ ምሳሌ የሚሆነው ዞማ ነው። የሰው ልጅ ባህል አጥኚና የዐውደ ርእይ አዘጋጅ የሆኑት መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ዞማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከልን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር። ስሙ በወጣትነታቸው በካንሰር ሕመም ላረፉት ለሠዓሊ ዞማ ሽፈራው መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ማዕከሉ ከአገር ውስጥም ከውጭም የሚመጡ ባለሙያዎችን በእንግድነት ተቀብሏል። ከከተማው ወጥቶም በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው በሐርላ መንደር ለአካባቢው ተፈጥሮ የሚጠነቀቅ የእንግዳ ሠዓሊዎች ቦታ የማቋቋም ሥራ ይዞ ነበር።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ ዞማ ቤተ መዘክር ለሕዝብ ተከፈተ። ገበሬ ይህን ቦታ ቢያይ በመጀመሪያ የሚገርመው ምንም አዲስ ነገር አለማየቱ ይሆናል። ቤቶቹ ጭቃ ናቸው። ጭቃና ጭድ ተቦክቶ፣ በእንጨት ማገር ላይ ተመርጎ የተሠሩ ናቸው። ጭቃን እንዴት እንደሚያቦኩ፣ ጭዱን መቼ እንደሚጨምሩ፣ ምርጊቱ እንዳይሰነጠቅ ምን እንደሚያደርጉ የገጠር ሰው ከአያቱ ተምሮታል። ልዩነቱ ምርጊቱ ሳይደርቅ ግድግዳው በእጅ እየተቀረጸ መስመርና ጌጥ የወጣለት መሆኑ ነው። በግቢው ውስጥ የዐውደ ርእይ አዳራሽ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ የጓሮ አትክልትና የከብት ቤት አብረው ይገኛሉ። ላሟ ከሥዕሉ ጋር ጎረቤት ናት ማለት ነው። የከተማ ሰው በዚህ ይደነቃል፤ የመንዝ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ከላሙ ጋር የኖረ ነው።

ኤልያስ ስሜ ራሱ የሚሠራበት ዕቃ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ከሚሸጠው ውራጅና ውዳቂ ዕቃ መካከል የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ፣ የተቆራረጠ ሽቦና ቁልፍ ይገዛል። ያንን አንድ በአንድ እየጠለፈና እየገጠመ እንደ ሰፊ ጥልፍ ያለ ሥራ ያወጣበታል። ከዚያ በፊት በክርና በመርፌ ሸራ ላይ እየሰፋ የሠራቸው ሥራዎችም የታወቁ ናቸው። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሽልማት ተሰጥቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2022ም በኢጣሊያ በቬኒስ ከተማ በሚደረገው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ላይ ሥራውን አቅርቧል። መርፌና ክር የድሀ ሥራ ተደርጎ በሚቆጠርበት አገር በመርፌና በክር የሠራ ሰው ይህን ያህል መከበሩ፣ ፈትልና ሽመና ለሚያውቅ ሕዝብ የራሱ ትርጉም አለው።

ለገበሬ ማኅበር መሪ ግን ከሽልማቱ የሚበልጠው ቁም ነገር ሌላ ነው። የዞማ ቤቶች የቆሙት የአገሬው ሙያ እንደ ዕውቀት ተቆጥሮ ነው። ጭቃ የሚያቦካው ሰው የቀን ሠራተኛ ብቻ ቢባል ኖሮ ግድግዳው ተራ ግድግዳ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከመርሐቤቴ የሚታወሰው ተዋናይ

ስለ ጥበብ ሰውና ስለ ገበሬ ሲነሣ የመርሐቤቴ ሰው የሚያስታውሰው ሌላ ስም አለ። ካርልሃይንዝ ቦም በአውሮፓ የታወቁ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በወጡት የሲሲ ፊልሞች የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆነው በመሥራታቸው በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ዘንድ ይታወቁ ነበር። በግንቦት 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን በአንድ የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀርበው ተመልካቹ በአፍሪካ ለሚራበው ሕዝብ ጥቂት ገንዘብ እንዲያዋጣ ጠየቁ። ገንዘቡ ሲሰበሰብ ራሳቸው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በኅዳር 1974 ዓ.ም.ም ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ሥራው በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ተጀምሮ ከ1980ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ ወደ መርሐቤቴ ደረሰ። በዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው። ቦም የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት የተሰጣቸው ሲሆን በግንቦት 2006 ዓ.ም. አርፈዋል።

ይህ ታሪክ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ጥበብ በእንግድነት መጣ ለማለት አያስችልም። ቦም ወደ ሸዋ ሲመጡ ተዋናይነታቸውን ጥለው ነው የመጡት። ዝናቸው ገንዘብ ለመሰብሰብ ጠቀመ እንጂ በዓለም ከተማ መድረክ አላቆሙም። ሕዝቡ የፈለገውም ውኃ፣ ሕክምናና ትምህርት ቤት ነበር፤ በዚያ ጊዜ ከዚህ ሌላ ማን ይፈልጋል? ጥያቄው፣ አንድ ተዋናይ ሙያውን ሳይጥል፣ በሙያው ራሱ ለገበሬ ሊጠቅም ይችላል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚገኘው ከደቡብ ጎረቤታችን ከኬንያ ነው።

የካሚሪቱ ገበሬዎች ትያትር

ከናይሮቢ ብዙም በማይርቀው በሊሙሩ አካባቢ ካሚሪቱ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ትንሽ መሬት ያላቸው ወይም ከነጭራሹ መሬት የሌላቸው፣ በሻይ እርሻና በጫማ ፋብሪካ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 አንዲት የመንደሩ ሴት በዚያው አካባቢ ይኖር ወደነበረው ደራሲ ወደ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ቤት ሄዳ፣ የተማራችሁ ሰዎች ለምን መንደራችንን አትረዱም ብላ ጠየቀች። በአንድ ቀን አልተወችውም፤ እስኪመጣ ድረስ ተመላለሰችበት። እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ደራሲው መንደሩን መርጦ ሳይሆን መንደሩ ደራሲውን መርጦ ነው ሥራው የተጀመረው።

መጀመሪያ የተያዘው ሥራ የጎልማሶች ትምህርት ነበር። ማንበብ የተማሩት ገበሬዎች ቀጥሎ ትያትር ይሠራ አሉ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በኪኩዩ ቋንቋ ድርሰቱን ጽፈው አቀረቡ። «ሲያሻኝ አገባለሁ» እንደማለት ያለ ርእስ ነበረው። ታሪኩ አንድ ድሀ ገበሬ ለልጁ ጉዳይ ሲል በሀብታም ጎረቤት ምክር ለቤተ ክርስቲያን ሠርግ ገንዘብ ተበድሮ፣ የመሬቱን ወረቀት በመያዣ ሰጥቶ፣ በመጨረሻ ያቺኑ አንድ ቁራሽ መሬት እንዴት እንዳጣ የሚያሳይ ነው። የመሬት ዕዳ ምን እንደሆነ የሚያውቁት ገበሬዎች ጽሑፉን ሲሰሙ ዝም አላሉም። ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም፣ በዚያ ዘመን ዘፈኑ እንዲህ አልነበረም እያሉ አረሙት። ደራሲዎቹም እርማቱን ተቀበሉ። መድረኩንም በገዛ ጉልበታቸው ሠሩት፤ ወደ 2,000 ሰው የሚይዝ ጣራ የሌለው ቲያትር ቤት ነበር።

ትያትሩ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 ለሕዝብ ታየ። ከሩቅ መንደር ሁሉ ሰው እየመጣ አየው። ስድስት ሳምንት ያህል እንደቆየ ግን መንግሥት ፈቃዱን አነሣ፤ በዓመቱ መጨረሻ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ታሰረና አንድ ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ገበሬዎቹ የሠሩት መድረክ ፈረሰ። ገበሬ በራሱ ቋንቋ የራሱን የመሬት ጉዳይ መድረክ ላይ ሲያወጣ ነገሩ ጨዋታ ብቻ እንደማይሆን ካሚሪቱ አሳይታለች። የገበሬ ማኅበር መሪ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እንግዳው ሲሄድ የሚቀረው መንደሩ ነውና፣ ቅሬታ በመድረክ የሚነገር ከሆነ ማን እንደሚናገርና በኋላ ለሚመጣው ማን ኃላፊ እንደሚሆን መነጋገር ይገባል።

በእኛም አገር ገጠሩ ከከተማ እንግዳ ጋር የተገናኘበት ጊዜ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተሠማርተው ፊደል አስተምረዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የተፈቀዱት የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙም አግዘዋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየማኅበሩ የኪነት ቡድን ተቋቁሞ በበዓል ቀን መዝፈን የተለመደ ሆነ። ከእነዚያ ቡድኖች ጥሩ ድምፅና ጥሩ ማሲንቆ ተጫዋች ወጥቷል። ነገር ግን የሚዘፈነው ቃል ብዙውን ጊዜ ከላይ የመጣ ነበር። ገበሬው እንዲዘፍን ታዘዘ እንጂ ስለ ምን እንደሚዘፍን አልተጠየቀም። በካሚሪቱና በኪነት ቡድኑ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

በግና ጓሳ የሚያስተምሩት

መንዝ ውስጥ ገበሬን ጠይቆ የተሠራ ሥራ የለም ማለት ግን አይቻልም። ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳን ከመሰሉ ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅቶች ጋር ሆኖ የመንዝን በግ በኅብረተሰቡ ተሳትፎ የማሻሻል ሥራ ጀምሯል። ከዚያ በፊት የተለመደው ከውጭ የመጣ ጠቦት አምጥቶ ከአገሬው በግ ጋር ማዳቀል ነበር። በዚህኛው አሠራር ግን ተመራማሪው በመጀመሪያ የጠየቀው ገበሬውን ነው። ምን ዓይነት አውራ ይሻላል? ቁመናው፣ ላቱ፣ ቀለሙ እንዴት ይሁን? ገበሬዎቹ ጠቦቶቹን ተሰብስበው አይተው መረጡ፤ የተመረጠውን አውራ በቡድን ሆነው በጋራ መጠቀም ያዙ። ዕውቀቱ ከመንደሩ ወጣ፣ መዝገቡ ከተመራማሪው መጣ። እንግዳ ሠዓሊም ሊመጣ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አያገኝም።

የጓሳም ነገር እንዲሁ ነው። የመንዝ ሕዝብ ጓሳን በቀሮ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ጠብቆታል። ሣሩ ለዓመታት ይከለከላል፤ የሚከፈትበት ቀን ይቆረጣል፤ ያለ ጊዜው ያጨደና ከብት ያስገባ ይቀጣል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለሌላም የቤት ዕቃ ይውላል፤ የቀረው ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ ዝንጀሮ መኖሪያ ሆኗል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የቀሮ ሥልጣን ቢላላም ሕዝቡ ጨርሶ አልተወውም፤ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን ቀጠለ፣ አካባቢውም በኅብረተሰቡ የሚጠበቅ ሆኖ በክልሉ ሕግ ታወቀ። ሣር የሚታጨድበትን ቀን በመተዳደሪያ ደንብ የሚወስን ሕዝብ፣ እንግዳ ባለሙያ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ደንብ ለማውጣት ከየትም ትምህርት አይፈልግም።

የተናቀው እጅ

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን ይህ አይደለም። በመንዝም በግሼም በመርሐቤቴም በእጁ የሚሠራ ሰው ተንቆ ኖሯል። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው ጠይብ ተባለ። ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ተብሎ ተሰደበ። ሸክላ የምትሠራዋ ሴት ድስቷን ገበያ አውጥታ ትሸጣለች፣ ድስቱን የገዛው ሰው ግን በሠርጉ አይጠራትም፤ ቡዳ እየተባለች ልጆቿ ከልጆች ጋር እንዳይጫወቱ ይከለከላሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። በዚያ አዋጅ ስድቡ ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል አራሹም ተቆጥሯል፤ ገበሬ ራሱ በሙያው ሲሰደብ የኖረ መሆኑን መርሳት አይገባውም። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልሞተም።

በዚህ ምክንያት ብዙ ባለሙያ አገሩን ለቆ ሄዷል። በአዲስ አበባ በቀጨኔ አካባቢ በሸክላና በሽመና ሥራ ከሚተዳደሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ትውልዳቸውን ከሰሜን ሸዋ ይቆጥራሉ። ከተማው የነሱን ጀበናና ምጣድ እየገዛ ኖሯል፤ ንቀቱም እስከ ከተማ ተከትሏቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ በመንደሩ የቀረው ሸማኔ በርካሽ ከሚገባው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር መወዳደር አቅቶታል። ልጁም የአባቱን መወርወሪያ ለመያዝ አይፈልግም። በአንድ በኩል ስድብ፣ በሌላ በኩል ርካሽ ዋጋ ሲይዘው ለምን ይፈልጋል?

እንግዳ ሠዓሊ በመንደር ተቀመጠ ሲባል የመጀመሪያው መመዘኛ እዚህ ላይ ነው። ከከተማ የመጣው «አርቲስት» ተብሎ ወንበር ሲሰጠው፣ ድርና ማጉን የምታውቀው እናትና ሸክላ ሠሪዋ ከበር ውጭ የሚቆሙ ከሆነ፣ ስለ ፍትሕ የተነገረው ሁሉ ወሬ ነው። አንድ ዝተት በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሥራው የእንግዳው ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፣ ፈታይዋና ሸማኔው ሁለተኛ ጊዜ ተዘርፈዋል ማለት ነው። ስድቡን ባለቤቱ ራሱ ያውቀዋል፤ ይህኛው ዘረፋ ግን በሩቅ አገር ስለሚፈጸም ላይታወቅ ይችላል።

ሥዕል እህል አይሆንም የሚል ገበሬ ይኖራል። ልክ ነው፣ አይሆንም። የበልግ ዝናብ በቀረ ዓመት ሠዓሊ መቀበል የመጀመሪያ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ እንደነበረ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ሰላም እንደታጣ ይታወቃል፤ መንገድ ሳይከፈት እንግዳ አይመጣም። ነገር ግን ሱፉ አለ፤ ድንጋዩ አለ፤ እጁም ገና አልጠፋም። ባናው በተሻለ ዋጋ የሚሸጥበት ገበያ ቢገኝ፣ የአያት ጥለት ሳይጠፋ ቢመዘገብ፣ ሸክላ ሠሪዋ ሙያዋን ለመንደሩ ልጆች በትምህርት ቤቱ ቆማ ብታሳይ፣ ይህ ከአንድ ወቅት ምርት የማይተናነስ ነገር ነው።

ስምምነቱ እንዴት ይሁን

እንግዳ ለመቀበል ያሰበ ማኅበር በመጀመሪያ የሚያየው በማን ስም እንደሚዋዋል ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የተመዘገበ የኅብረት ሥራ ማኅበር በሕግ ፊት ሰውነት ስላለው ውል መፈረም ይችላል። የሸማኔዎችና የፈታዮች ማኅበር ካለ ውሉን የሚፈርመው እሱ ቢሆን ይመረጣል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ብቻውን ቢፈርም ባለሙያዎቹ ተረስተው ሊቀሩ ይችላሉ። ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት በሚጠራው ጉባኤ ላይ መሬት የሌላቸው የእጅ ባለሙያዎችና ሴቶች መገኘት አለባቸው። ሴቶቹ ተገኙ ማለትም በጓሮ ቡና ሲያፈሉ ነበሩ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የጊዜ ጉዳይ አለ። የከተማ ሰው ገጠሩ ዓመቱን ሙሉ ትርፍ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። መንዝ ግን መኸርም በልግም የሚያርስ አገር ነው፤ እፎይ የሚባልበት ጊዜ አጭር ነው። ሴቷ ደግሞ ኩበት ጠፍጥፋ፣ ውኃ ቀድታ፣ ልጅ አስተኝታ ከተረፋት ሰዓት ላይ ነው የምትፈትለው። ያቺ ሰዓት ዋጋ አላት። እንግዳው አንዲት ሴት እንድታስተምረው ሲፈልግ ለትምህርቷ የሚከፈል፣ ፈትሏን ሲወስድ ደግሞ ለፈትሏ ለብቻ የሚከፈል መሆኑ በውሉ ይጻፍ። ክፍያው በባል ወይም በሊቀ መንበር እጅ ሳይሆን በራሷ እጅ ይድረስ።

ስለ ሥራው ባለቤትነትም ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በጋራ ያወጡት የፈጠራ ሥራ የጋራ ባለቤትነት አለው። ሸማኔው በታዘዘው ልክ ብቻ ከሸመነ ሠራተኛ ነው፤ ጥለቱን ራሱ ካወጣው ግን ባለቤት ነው። ይህ ልዩነት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ካልተለየ በኋላ ለመለየት ያስቸግራል። ሥራው ሲሸጥ ምን ያህሉ ለመንደሩ እንደሚመለስ፣ በዐውደ ርእይ ሲቀርብ የማን የማን ስም እንደሚጻፍ፣ ከተሠራው ውስጥ ምን እዚያው እንደሚቀር በቁጥር መስፈር አለበት። ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ልጆችና ችግረኞች ሳይጠየቁ መነሣት የለባቸውም፤ የተነሣው ሁሉ ግልባጩ ለባለቤቱ ይሰጥ።

ቤት የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ይጠነክራል። እንግዳው ድንጋይ አስክቦ፣ ጓሳ አስከድኖ የሥራ ቤት ቢያቆም፣ በሄደ ማግሥት ቁልፉ ማን ዘንድ ይሆናል? የካቡ ባለሙያ መንደሩ ውስጥ ያለ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፤ ወጣቶች ከእሱ እየተማሩ ቢሠሩት ቤቱ ሲፈርስ እንኳ ሙያው ይቀራል። ለክዳን የሚሆነው ጓሳም በተፈቀደው ጊዜ ብቻ መታጨድ አለበት፤ ሠዓሊ ነው ተብሎ ደንቡ የሚታለፍለት ሰው ሊኖር አይገባም።

የእንግዳው የመጀመሪያ ሳምንታት ሥራ መሥራት ባይሆን ይሻላል። ሸለታ ይይ፣ ገበያ ይውረድ፣ እንዝርት ይሞክርና ክሩ ይበጠስበት። እሱ ሲያበላሽ ሲያዩ ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ያን ጊዜ መናገር ይጀምራሉ። ማደሪያው ከሊቀ መንበሩ ቤት ይልቅ ሸማኔው በሚኖርበት ሠፈር ቢሆን ደግሞ፣ ጎረቤቱ የሸማኔውን ደጃፍ ሳይረግጥ ወደ እንግዳው መድረስ አይችልም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሚመጣ ከሆነ የሌሊቱ ውርጭ ብርቱ ነውና፣ መኝታው ላይ የሚደረበውን ዝተት ከዚያው ከሸማኔው በሙሉ ዋጋ ይግዛ።